ባክአፕ አለን ብለን ስንቀመጥ፦ ለክፉ ቀን ስለመዘጋጀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስራዬ ሰርቨር ሩም ውስጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ "ይሄ ቢወድቅ በምን ይቀጥላል?" እየተባባልን ነው የምንውለው። ታህሳስ 2017 ላይ አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ የኛ ኮንዶሚኒየም ሰውም በውድቅት ሌሊት ልጁን ታቅፎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግቢ ወረደ። ከዛ ሌሊት ወዲህ ያንኑ የስራ ቦታ ጥያቄ ጎረቤቶቼ ለቤታቸው ይጠይቁኝ ጀመር። በእድር፣ በቡና፣ ደረጃ ላይ ቆመን የተጠየቅኩትን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፣ በዋናነት ከተማ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ወይም በኪራይ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ነው።

ባክአፕ ማለት ሁለተኛ እቃ መያዝ ማለት አይደለም እንዴ?

እኔም እንደዛ ብዬ ነበር ቤቴን ያዘጋጀሁት። ኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረን፣ ቢበላሽስ ብለን ሁለተኛ ኤሌክትሪክ ምድጃ ጨመርን። ዋይፋይ አለ፣ እሱ ቢቋረጥ የሞባይል ዳታ አለ። ውሃ ከቧንቧ ይመጣል፣ ቧንቧው ፈረቃ ሲሆን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ይወርዳል። ሲቆጠር ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው። ከዛ አንድ ሐሙስ ጠዋት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ሄደ። ሁለቱም ምድጃ እኩል ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ። ሮቶው ውስጥ የነበረውን ውሃ ህንጻው በሙሉ ተሻምቶ እስከ ማታ ጨረሰው፣ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ በመብራት ነው የሚሰራው፣ ስለዚ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃም የለም። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ደግሞ ኔትወርኩ ሄደ፣ የታወሩ ባትሪ እስከዛ ነው የቆየው። እናቴ ኢንሱሊን ነው የምትወስደው፣ በጨለማ ፍሪጁን በትንሹ ከፈት እያደረገች ብልቃጡን በጣቷ ትነካው ነበር፣ አሁንም ቀዝቃዛ ነው ወይ ብላ። ያን ማታ ነው የገባኝ፣ ስድስት ነገር የያዝኩ መስሎኝ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፣ መብራት።

ስለዚ ስንት አለኝ ከማለታችሁ በፊት አንዱን የሚጥለው ነገር ሌላውንም ይጥለዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀት ውሰዱ፣ ቤታችሁ ያለውን ዋና ዋና ነገር ጻፉ፣ በትይዩ ደግሞ እያንዳንዱ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ጻፉ፦ መብራት፣ ኔትወርክ፣ አንድ ሲም ካርድ፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሰው። አንዱ ቃል አራት አምስቴ ከተደጋገመ ችግራችሁ እሱ ጋ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ።

ይሄ የኛ አገር ችግር ነው አይደል? ያደጉት እንዲህ አይሳሳቱም።

ይሳሳታሉ፣ ያውም በትልቁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ጃፓን ፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ የሆነው ለኛ ሙያ ሰዎች ትልቁ ትምህርት ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ከውጪ የሚመጣውን መብራት ቆረጠው፣ የድንገተኛ ጀነሬተሮቹም እንደታሰበው በራሳቸው ተነሱ፣ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በፕላኑ መሰረት ነበር። ከአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሱናሚው መጣ፣ አብዛኞቹ ጀነሬተሮችና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎቻቸው ታች ምድር ቤት ነበሩ፣ አንድ ላይ ሰጠሙ። ብዛታቸው ምንም አልፈየደም፣ አንድ ውሃ በላቸው። ስድስተኛው ሪአክተር ጋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የነበረ፣ በባህር ውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጀነሬተር ግን መስራቱን ቀጠለ፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሪአክተር ያዳነው እሱ ነው። በቦታም በአሰራርም ከሌሎቹ ስለተለየ ነው የተረፈው።

እውነቱን ለመናገር ይሄን የኛ ገበሬ ድሮም ያውቀዋል። ሰሜኑ ላይ ስንዴና ገብስ ቀላቅለው አንድ ማሳ ላይ የሚዘሩ አሉ፣ ዝናቡ ካነሰ ገብሱ ይሸከማል፣ ከበቃ ስንዴውም አለ። ደቡብ ደግሞ እንሰት አለ፣ አንድ ዓመት ዝናብ ቢቀር እሱ የዓመታት ተክል ስለሆነ ቆሞ ይጠብቃል፣ በተፈለገ ሰዓት ተፍቆ ቆጮ ይሆናል። ሁለቱን የሚያደርቃቸው ነገር አንድ አይደለም።

ህዳሴ ግድብ አልቋል፣ ለመብራት አሁንም ባክአፕ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን እናንተ ቤት እስኪደርስ ከፍተኛ መስመር አለ፣ ሰብስቴሽን አለ፣ ከዛ የሰፈር መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ፖል፣ ቆጣሪ። እኛ ቤት ያን ሐሙስ መብራት የጠፋው አገር ውስጥ ኃይል አልቆ አይደለም፣ አንዷ ትራንስፎርመር ናት። ምንጩ ምን ቢትረፈረፍ የመጨረሻዋ ሽቦ አንድ ከሆነች እዛችው ላይ ነው የምትወሰኑት። ክረምት ላይ ነፋስ ዛፍ ሲጥል የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጀነሬተር ልግዛ ወይስ ኢንቨርተር?

ኢንቨርተር የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር እቃ ነው። መጀመሪያ ምን እንዲበራ እንደምትፈልጉ ወስኑ፣ ብዙ ሰው ሳይወስን ነው ገበያ የሚወጣው። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ ዋት እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ በቤት ኢንቨርተር ማሰቡንም ተዉት። መብራት፣ ስልክ ቻርጅና ዋይፋይ ራውተር ብቻ ከሆነ ግን ትንሽ ነገር ይበቃል፣ ራውተር 10 ዋት ምናምን ነው የሚበላው። ባለ 20 ሺህ ሚሊአምፔር ፓወር ባንክ አንድ ዘመናዊ ስልክ ሶስቴ ገደማ ይሞላል። ሁለት ፓወር ባንክ፣ አንድ በሶላር የምትሞላ መብራት እና አንድ በድንጋይ የምትሰራ ባትሪ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከጀነሬተር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሶላሯና ድንጋዩ ሶኬት አይጠብቁም።

ጀነሬተር ከገዛችሁ ግን ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ በረንዳም ሆነ ደረጃ ስር ወይም ጋራዥ ውስጥ አታስነሱት፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ይበል፣ ምክንያቱን ከሰሉ ጋ እመጣበታለሁ። ሁለተኛ፣ ጀነሬተሩን ሁለቱም ጫፉ መሰኪያ በሆነ ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ የቤቱን መስመር እንዳታስነሱ። ያለ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከውጪው መስመር ነጥሎ ወደ ጀነሬተሩ የሚያዞር ማብሪያ ማጥፊያ) ከሆነ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጪ ይወጣና ፖል ላይ ወጥቶ መስመሩን የሚጠግንላችሁን ሰራተኛ ሊገድለው ይችላል። እሱ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የሚነካው።

ከሰል ባክአፕ ይሆናል?

ለምግብ ማብሰያ አዎ፣ ውጪ ወይም በደንብ ነፋስ የሚመላለስበት ቦታ ላይ። ቤት ውስጥ ግን አይሆንም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት።

መብራት ሲጠፋ ሰው ከሰል ያቀጣጥላል፣ ማታ ደግሞ ይበርዳል፣ "ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው" ተብሎ ምድጃው መኝታ ክፍል ይገባል። የሚገድለው ግን ጭሱ ብቻ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከፍሙም ይወጣል፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ይደክማል፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይሄንንም ሳያውቅ ያልቃል። መስኮት በትንሹ ከፍቻለሁ ማለት ማስተማመኛ አይሆንም። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ላይ ራስ ምታት ከጀመረው ምግብ ነው ጉንፋን ነው እያላችሁ አትከራከሩ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዛ እርዳታ ጥሩ። የጀነሬተሩም ነገር ይሄው ነው፣ ጭስ ማውጫው የሚተፋው ይሄንኑ ጋዝ ነው። ለሙቀት ብርድ ልብስ ደራርቡ፣ ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ ሰብስቧቸው፣ ከሰል አታስገቡ። በየዓመቱ በዚህ ምክንያት የሚያልቁ ቤተሰቦች ዜና ስንሰማ ነው የኖርነው፣ እባካችሁ።

የተሻለው ማብሰያ ባክአፕ ሲሊንደር ጋዝ ነው፣ ከተቻለ ሁለት፣ አንዱ ስራ ላይ አንዱ ሙሉ።

ውሃ ስንት ሊትር ይበቃል?

ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው ወደ 3 ሊትር ያዙ። ማብሰሉን፣ መታጠቡን፣ ሽንት ቤቱን ጨምሮ ከሆነ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ዝቅተኛ መለኪያ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሶስት ቀን መጠጡ 45 ሊትር መጣ፣ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው፣ ሁሉም ተደምሮ ግን 225 ሊትር፣ አንድ በርሜልና አንድ ጄሪካን። ይሄን ያህል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ፈረቃ ለምዶ በብዛት ቤቱ አለው።

የሚረሳው ነገር መከፋፈሉ ነው። ሁሉም ውሃ አንድ በርሜል ውስጥ ከሆነ አንድ ልጅ የቆሸሸ ጣሳ ከነከረበት ወይም ቧንቧዋ ሌሊቱን ካንጠባጠበች ጠዋት ምንም የላችሁም። የመጠጡን ለብቻ፣ ክዳን ባለው፣ ጠባብ አፍ ባለው እቃ ያዙ፣ ጎኑ ላይ በማርከር የተቀዳበትን ቀን ጻፉ፣ አሮጌውን ቅድሚያ ተጠቀሙ።

ንጽህናው ካጠራጠራችሁ አፍሉት። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን (አዲስ አበባ ከባህር ወለል ወደ 2 ሺህ 300 ሜትር እና ከዛ በላይ ናት) ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሶስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፣ ቆላ ላላችሁ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ግን እሳት ይፈልጋል አይደል፣ እሳቱ ከሌለስ? ለዛ ነው አንድ ጠርሙስ ውሃ አጋር ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ ቤት መኖር ያለበት፣ ጀርባው ላይ በተጻፈው ልክ ነው የምትጨምሩት፣ የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ እዩት።

ምግብስ? ፓስታና ሩዝ አከማችቻለሁ።

ጥሩ ነው ግን ሁለቱም እሳትና ውሃ ይፈልጋሉ፣ ሽሮውም እንደዛው። ቢያንስ የሁለት ሶስት ቀን ምግባችሁ እሳትም ፍሪጅም የማይፈልግ ይሁን። ይሄን ከማንም መማር የለብንም፣ አያቶቻችን ለመንገድ ስንቅ ያደረጉት ምን ነበር? ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ቆሎ ጭራሽ ምንም አይፈልግም። ለህጻን የሚሆነውን ለብቻ አስቡ፣ የዱቄት ወተት የሚጠቀም ልጅ ካለ ንጹህ ውሃው የእሱ ድርሻ ተብሎ ይቀመጥ።

ሁለት ሲም አለኝ፣ ስለ ስልክ መጨነቅ አለብኝ?

ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ከሆኑ ያላችሁ አንድ ነው። ከ2015 ወዲህ ሳፋሪኮምም ስላለ አንዱን ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን ሳፋሪኮም ማድረግ ይቻላል፣ ይሄ ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ሁለቱም ታወር መብራት ይፈልጋል፣ ሁለቱም ሲም ደግሞ አንድ ስልክ ውስጥ ከሆኑ ስልኩ የተሰረቀ ቀን ሁለቱም ሄዱ። ሁለተኛውን ሲም አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ክተቱት፣ ሞልታችሁ አጥፍታችሁ አስቀምጡት፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል።

ኢንተርኔት ብቻ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ በመላው አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር፣ ስልክ መደወል ግን ይቻል ነበር፣ ያኔ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረው ሰው ነው የተቸገረው። ስለዚ ደረጃ ደረጃ አድርጉት፦ ዳታ ከሌለ ጥሪ፣ ጥሪ ከተጨናነቀ ኤስኤምኤስ (ኤስኤምኤስ ጠባብ መስመር ውስጥም ያልፋል፣ ኔትወርኩ ሲመለስም ይደርሳል)፣ ኤስኤምኤስም ካልሄደ ቀድሞ የተነገረ ቦታና ሰዓት። የመጨረሻው በጣም አስፈላጊው ነው፣ ምንም ኔትወርክ አይፈልግም። ለምሳሌ እኛ ቤት ግቢው በር ላይ ያለው ዛፍ የመጀመሪያው መገናኛ ነው፣ ሰፈሩ ራሱ ካልተቻለ ደግሞ የአክስቴ ቤት፣ ሌላ ክፍለ ከተማ። ልጆቹ ሁለቱንም በቃላቸው ያውቃሉ፣ የእናታቸውን ቁጥርም በቃላቸው። እናንተ የባለቤታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ? ወረቀት ላይ ጻፉና አንዱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አንዱን የልጁ ደብተር ውስጥ።

ጥሬ ብር ቤት መያዝ ሞኝነት አይደለም?

ብዙ መያዝ አዎ፣ ለሌባም ለእሳትም ነው። ጥቅምት 2017 ላይ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን ቃጠሎ ያየ ሰው ሁሉንም አንድ ቦታ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ግን የሳምንት አስቤዛና ትራንስፖርት የሚሆን፣ የተዘረዘረ፣ ሁለት ቦታ የተከፈለ ብር ቤት ይኑር። መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት የሰፈር ሱቅ የሚቀበለው እሱን ነው፣ ለ200 ብር መልስ ደግሞ ላይኖረው ይችላል።

መጋቢት 7 ቀን 2016 የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ሲስተሙ ላይ ችግር ገጥሞት ለሰዓታት አገልግሎት ሲያቆም ያኔ ሌላ ባንክ ወይም ቴሌብር ላይ ትንሽ ነገር የነበረው ሰው ቀኑን ሰላም ዋለ። ሁለት ባንክ ይኑራችሁ። ዳታ ሲጠፋ *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ በተራ ስልክም ይሰራሉ፣ አንዴ በሰላሙ ቀን ሞክሯቸው፣ ፒን ረስታችሁት ከሆነ የምታውቁት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን፣ ሁለቱም ባንክ ኮድ የሚልኩላችሁ ወደ አንድ ሲም ነው አይደል? ቴሌብሩም በዛው ሲም፣ ቴሌግራሙም በዛው፣ ኢሜሉም ፓስወርድ ሲጠፋ ወደዛው ነው የሚልከው። በመጀመሪያው ወረቀታችሁ ላይ "ሲም" የሚለው ቃል ነው ብዙ ቤት የሚደጋገመው። የሲም ፒን (ስልኩ ሲበራ ሲሙ የሚጠይቀው ሚስጥር ቁጥር) አድርጉበት፣ ሲሙ በራሳችሁ ስምና መታወቂያ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ (በድሮ የጓደኛ ስም የወጣ ሲም ሲጠፋ ማስመለስ ፍዳ ነው)፣ የኢሜላችሁን ባክአፕ ኮድ (ሲሙ በሌለበት ኢሜሉን የሚከፍትላችሁ ቁጥር) ደግሞ ወረቀት ላይ አውጡት።

ሰነዶቼን በሙሉ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አድርጌያለሁ፣ አይበቃም?

አይበቃም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለወራት ቴሌግራምን ጨምሮ ማህበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው ነበር፣ ያን ጊዜ ካርታችሁን ወይም የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ብትፈልጉስ? በኛ ሙያ ሶስት ሁለት አንድ የሚባል ነገር አለ፦ ሶስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ነገር ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለቤተሰብ ሲሆን ዋናው ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቤት፣ ስካኑ ፍላሽ ላይና ጎግል ድራይቭ ላይ፣ ፎቶ ኮፒው ደግሞ የምታምኑት ዘመድ ጋ። ቤቱ ቢቃጠል ዘመድ ጋ ያለው አለ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋ ፍላሹ አለ፣ ፍላሹ ቢበላሽ (ይበላሻል) ድራይቩ አለ። ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥራችሁንም ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ካርዱ ቢጠፋ ቁጥሩ ብዙ ያግዛል።

ቤት ውስጥ መድሃኒት የሚወስድ ሰው አለ፣ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን ምን ላድርገው?

መጀመሪያ አትደናገጡ፣ ፍሪጁንም ደጋግማችሁ አትክፈቱ። እናቴ በየሰዓቱ ስትከፍተው የነበረው ነው ቅዝቃዜውን የጨረሰው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ወደ አራት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። አብዛኛው ኢንሱሊን ደግሞ ከፍሪጅ ውጪ፣ ሙቀት ባልበዛበት ክፍል፣ ጸሐይ ሳያገኘው ለአራት ሳምንት ያህል አይበላሽም፣ የእናንተው ዓይነት ስንት ቀን እንደሚቆይ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ወይ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ይመቻል፣ ቆላ ላላችሁ ግን የሸክላው ዘዴ አለ፦ ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ መሃሉ ላይ እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ነፋሻ ጥላ ስር። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። በረዶ ላይ ግን በቀጥታ አታስቀምጡት፣ ኢንሱሊን አንዴ ከበረደና በረዶ ከሰራ አልቋል፣ ቢቀልጥም አይወሰድም።

ለማንኛውም መድሃኒት ደግሞ የመጨረሻዋን ፍሬ እስክትውጡ አትጠብቁ፣ የሁለት ሳምንት ሲቀር ሂዱ። የመድሃኒቱን ስምና መጠን ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ፣ በሽተኛው መናገር ቢያቅተውስ? እኛ አሁን የእማዬን ዝርዝር ለታችኛው ፎቅ ጎረቤታችንም ሰጥተናል።

አደጋ ሲደርስ አምቡላንስ እጠራለሁ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። እነዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። ከዛ ቀጥሎ መስመሩ ቢያዝስ፣ መኪናው ሌላ ቦታ ቢሆንስ? መኪና ያለው፣ በሌሊት ቢደወል የሚነሳ ጎረቤት ማን ነው? ይሄን በሰላሙ ቀን ጠይቁት፣ "ሌሊት ብደውል ትነሳልኛለህ?" በሉት፣ እምቢ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ራይድ ታክሲም ዳታ ሳይኖር በ8294 ደውሎ መጥራት ይቻላል።

ሰው ራሱ ባክአፕ ይፈልጋል፣ ይሄን ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ጋዙ የት እንደሚዘጋ የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው፣ ሰነዱ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ የመጠባበቂያ ቁልፍ ያለው አንድ ልጅ ነው እሱም ዩኒቨርሲቲ ሄዷል። እያንዳንዱን ነገር ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው። እድር ላይ ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ለሁለት ለሁለት ቤት አከፋፍለን ሰጥተናል፣ ለአንድ ቤት አይደለም፣ ያ ቤት ክፍለ ሀገር ሊሄድ ይችላላ።

የምይዘውን ቦርሳ የት ላስቀምጠው?

ቶሎ የሚወጣበት ቦታ፣ በር አካባቢ። ሁሉንም ነገር ግን አንድ ቦታ አትከምሩ። ድሬዳዋ በ1998 ክረምት በሌሊት የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ሰው ተኝቶ ነበር፣ ውሃው ከላይ ከደጋው ነው የወረደው። ወንዝ ዳር ወይም ምድር ቤት ከሆናችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ነገር ይኑራችሁ፣ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ታች ጎረቤት ጋ ወይም መኪና ውስጥ፣ ምክንያቱም ህንጻው ተሰንጥቆ አትግቡ ሊባል ይችላል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ በደረጃ እንዳትሮጡ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብታችሁ ያዙ፣ ሲቆም ነው የሚወጣው፣ ሊፍት ደግሞ ፈጽሞ።

እኔ ውጪ አገር ነኝ፣ ቤተሰቤን ምን ላግዝ?

እናንተ ትልቅ ባክአፕ ናችሁ፣ እዚህ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲወድቅ እናንተ ጋ አልወደቀም። ቤተሰቡ ሁሉ "ደህና ነኝ" ብሎ አንድ ውጪ ላለ ሰው እንዲልክ ተስማሙ፣ አስር ሰው እርስ በርሱ ከሚፈላለግ አንድ ሰው ሰብስቦ ያሳውቅ። የሰነዶቹ ስካን እናንተ ጋ ይኑር። ብሩን ችግሩ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ቀድማችሁ፣ በሁለት ሰው ስም፣ በሁለት ባንክ ላኩ። ከ2013 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ስልክም ባንክም መብራትም አንድ ላይ ሲቋረጥ ውጪ ያለው ዘመድ ገንዘብ እያለው ማድረስ አልቻለም ነበር፣ ያን ጊዜ ያየ ሰው ይሄን ምክር ማብራሪያ አይፈልግበትም። አረብ አገር በሰው ቤት ለምትሰሩ እህቶቻችን ደግሞ፣ ፓስፖርታችሁን አሰሪ ከያዘው የገጹን ፎቶ ለቤተሰብ ላኩ፣ አንድ ወረቀት ኮፒም ልብሳችሁ መሃል ይኑር።

ባክአፔ እንደሚሰራ በምን አውቃለሁ?

በመሞከር ብቻ። ዋናው ነገር ሲበላሽ ወዲያው ይታወቃል፣ ባክአፑ የሞተ ቀን ግን የሚነግራችሁ የለም። ሙሉው ሲሊንደር አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ተቀየረ፣ ባዶው ሳይሞላ ሶስት ወር ቆመ፣ በዓይን ሲታይ አሁንም ሁለት ሲሊንደር ነው። አንድ ዘመዴ ቤት ጀነሬተሩ ዓመት ሙሉ ሳይነሳ ቆይቶ ያስፈለገ ቀን ቤንዚኑ አርጅቶ ካርቡሬተሩን ደፍኖት ነበር። ፓወር ባንክም ሳይነካ ከተቀመጠ ራሱን ይጨርሳል።

እኛ ቤት ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከቁርስ በኋላ ብሬከሩን ለሁለት ሰዓት እናወርደዋለን። ቡናው በጋዝ ይፈላል፣ ልጆቹ ባትሪዎቹን ያበራሉ፣ ባለ ቁልፉ ስልክ በርቶ ለአክስቴ ይደወላል፣ የጄሪካኑ ቀን ይታያል። መጀመሪያ የሞከርን ቀን አራት ነገር አልሰራም፣ አንዱ ባትሪ ድንጋዩ ፈሶ ነበር፣ የአክስቴ ቁጥር ተቀይሯል፣ የውሃ ማከሚያው ጊዜው አልፏል፣ ክብሪት አልነበረም። ክብሪት!

ይሄ ሁሉ ብር ይፈልጋል፣ እኔ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ብር ከማይጠይቀው። ስልክ ቁጥሮችን ጽፎ መለጠፍ፣ መገናኛ ቦታ መስማማት፣ ቁልፍ ለጎረቤት መስጠት፣ ሰነድ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ መላክ፣ ካለው ጄሪካን አንዱን "ለመጠጥ" ብሎ መለየት፣ ይሄ ሁሉ አንድ ከሰዓት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ከዛ መጀመሪያ ሊገድል የሚችለውን ሸፍኑ፣ መድሃኒት፣ ውሃ፣ ከሰልና እሳት፣ ከዛ ብርሃንና ስልክ፣ ዋይፋዩ መጨረሻ ይምጣ። ለሁሉም ነገር ሶስት ሶስት መያዝ አይጠበቅባችሁም፣ እቃ ሲበዛ የሚጠበቀውም ይበዛል። ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ በሶላር የምትሞላዋን መብራት ግዙ፣ ስልክ የምትሞላ ዓይነት አለች፣ መስኮት ላይ አስቀምጧት፣ በየማታው ተጠቀሙባት፣ እንደዛ ከሆነ የተበላሸች ቀን ወዲያው ታውቃላችሁ።